ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ቀን በገቡበት ዓመት፦ ከአንካራ ወደ ቀጰዶቅያ

ይህን የምጽፈው በተለይ ቱርክ ውስጥ ለሚማሩና ስኮላርሺፕ ደርሷቸው ሻንጣ እያዘጋጁ ላሉ ልጆች ነው። ሌላ አገር ላላችሁም የሚጠቅም ነገር አይጠፋውም። ታሪኩ የአንድ ቅዳሜና እሁድ ነው። እኔና ጓደኛዬ ከአንካራ ተነስተን ቀጰዶቅያን ልናይ ሄድን። ማደሪያ አጣን። ከዚያ የማናውቃቸው ሰዎች ቤት አድረን ተመለስን። ቱርክን መውደድ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

አንካራ የገባሁት በመስከረም ነበር። የመጀመሪያው ዓመት የቋንቋ ነው፤ ቶሜር ይሉታል። ጠዋት ቱርክኛ እንማራለን፣ ከሰዓት ዶርም እንገባለን። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር አዲስ ስለሆነ ቀኑ ይሄዳል። ኅዳር ላይ ብርዱ ሲመጣ ግን ነገሩ ተቀየረ። ምሳዬን ከካፍቴሪያ አንስቼ ክፍሌ መብላት ጀመርኩ። ማታ ከእናቴ ጋር በስልክ አወራለሁ፣ ስልኩ ሲዘጋ አለቅሳለሁ። የማውቃት አንካራ ከትምህርት ቤት እስከ ክዝላይ አደባባይ ያለችዋን ብቻ ነበር። ጥር ላይ እናቴን "ይቅርብኝ፣ ልመለስ" አልኳት። "እስኪ ይህን ሴሚስተር ጨርሺና እናወራለን" አለችኝ።

እንዲህ ሆናችሁ ከሆነ ብቻችሁን አይደላችሁም። ከእኔ ጋር ከመጡት ልጆች ብዙዎቹ በዚያ የብርድ ወቅት ተመሳሳይ ነገር ውስጥ ነበሩ። ስለማናወራው ነው እንጂ።

አብራኝ የሄደችው ጓደኛዬ የዶርም ክፍሌ ልጅ ናት፤ የደሴ ልጅ፣ ሙስሊም ናት። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። በ2016 ዓ.ም. ረመዳንና ሁዳዴ የገቡት በአንድ ቀን ነው፤ መጋቢት 2። እሷ ለሱሑር ስትነሳ እኔም እነቃለሁ፤ እሷ ትበላለች፣ እኔ ሻይ እጠጣለሁ። ቀን ቀን ሁለታችንም ጾመኞች ነን። ያ ጾም ነው ያቀራረበን። አንድ ማታ "ብርዱ እስኪያልፍ እዚህ ተጠቅልለሽ ልትቀመጪ ነው? ተነሺ፣ የሆነ ቦታ እንሂድ" አለችኝ። የት እንደሆነ ስትጠይቀኝ ሳላስበው ከአፌ የወጣው ቀጰዶቅያ ነው። ስሙን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። በሐዋርያት ሥራ ላይ በበዓለ ሃምሳ ኢየሩሳሌም ከነበሩት ሰዎች መካከል የቀጰዶቅያ ሰዎች አሉ። የቅዱስ ጊዮርጊስ አባትም የቀጰዶቅያ ሰው እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን ሲነገር ሰምቼ ነው ያደግኩት። ያ ቦታ ከአንካራ በአውቶቡስ አራት አምስት ሰዓት ብቻ ይርቃል መባሉ ለእኔ ተዓምር ነበር።

ስለ ዝግጅቱ ባጭሩ ልንገራችሁ። የመንግሥት ዶርም ውስጥ ከሆናችሁ ለቅዳሜና እሁድ ፈቃድ አስቀድማችሁ ውሰዱ፤ ሳትናገሩ ካደራችሁ በቀሪነት ትያዛላችሁ። የመኖሪያ ፈቃድ ካርዳችሁና የተማሪ መታወቂያችሁ ከኪሳችሁ አይለዩ። ቲኬት ስትቆርጡም፣ ሆቴል ስትገቡም፣ ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆማችሁም የሚጠየቀው እሱ ነው። የአውቶቡስ ቲኬት ላይ ጾታ ይጠየቃል፤ የማይተዋወቁ ወንድና ሴት ጎን ለጎን አያስቀምጡም። ስለዚህ ወንድና ሴት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ቲኬቱን አንድ ላይ ቁረጡ። ከሁሉ በላይ የመመለሻውን ቲኬት በዚያው ሰዓት ግዙ። እሁድ ማታ አገሩ ሁሉ ተማሪ ነው፤ ወንበር አይገኝም።

ከአሽቲ የተነሳነው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አሽቲ የአንካራ ትልቁ የአውቶቡስ መናኸሪያ ነው፤ አንካራይ የሚባለው ባቡር በሩ ድረስ ያደርሳችኋል። ረዳቱ መጀመሪያ በየወንበሩ እየዞረ የሎሚ ሽታ ያለው ኮሎኛ እጃችን ላይ አፈሰሰ። ሻይ ሲያድል ግን አብዛኛው ሰው ጾመኛ ስለነበር ጋሪው ሳይነካ ተመለሰ። ግማሽ መንገድ ላይ በቀኝ በኩል የጨው ሐይቁ ነጭ ሆኖ ተንጣሎ ይታያል። ያን ሳይ ከወራት በኋላ መጀመሪያ ጊዜ ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት።

ቀጰዶቅያ ውስጥ ያለችው ነቭሸሂር ከተማ ስትደርሱ ተጠንቀቁ። አውቶቡሶቹ ብዙ ጊዜ የሚያራግፉት እዚያ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናቱ ወዳሉበት ወደ ጎሬሜ የሚወስዳችሁ የአውቶቡስ ድርጅቱ ትንሽ መኪና አለ፣ ሰርቪስ ይሉታል። ከአውቶቡሱ እንደወረድን አንድ ሰውዬ "ሰርቪስ የለም፣ ዛሬ አይሄድም" እያለ ወደ አስጎብኚ ቢሮው ሊወስደን ነበር። ጓደኛዬ ሳትመልስለት ተመልሳ የአውቶቡሱን ረዳት ጠየቀች። ረዳቱ በእጁ ጠቆማት፤ ሰርቪሱ ከኋላችን ቆሞ ነበር። ቲኬት ስትቆርጡ "እስከ ጎሬሜ ሰርቪስ አለው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ስትደርሱም የምትጠይቁት የመጣችሁበትን መኪና ሠራተኛ ይሁን።

ጎሬሜ ያለው ሙዚየም ጣሪያ የለውም። ሸለቆው ራሱ ነው ሙዚየሙ። ኤርጂየስና ሌሎቹ እሳተ ገሞራዎች ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የተፉት አመድ ለስላሳ ድንጋይ ሆኖ ቀረ፤ ዝናብና ንፋስ ሸረሸረው። ድንጋዩ በመሮ በቀላሉ ይፈለፈላል፣ አየር ሲነካው ደግሞ ይጠነክራል። ክርስቲያኖቹ በውስጡ ቤተ ክርስቲያን፣ ገዳም፣ ወጥ ቤት ሳይቀር ፈለፈሉ። ላሊበላን ያየ ሰው እዚያ ሲቆም ልቡ ይመታል። ግን ሥራው ይለያል። የእኛ ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ወደታች ተፈልፍሎ ዙሪያውን ተለይቶ ቆሟል፤ እነሱ ደግሞ ከገደሉ ጎን በር ከፍተው ወደ ውስጥ ገብተዋል። ውስጡ ከጣሪያ እስከ ወለል በሥዕል የተሞላ ነው፤ አብዛኛው ከ10ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን የተሣለ ነው። ብዙ ፊቶች ተፍቀዋል። ዓይን የሌላቸው ቅዱሳን ያሳዝናሉ።

ይላንል በሚባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስና ቅዱስ ቴዎድሮስ በፈረስ ሆነው እባቡን ይወጋሉ። ከእነሱ አጠገብ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስና ንግሥት እሌኒ መስቀሉን በመሃላቸው ይዘው ቆመዋል። ለጓደኛዬ "ይቺ ናት እሌኒ፣ ደመራ የምንደምርላት" አልኳት። ደሴ ያደገች ልጅ ናት፣ ደመራ ታውቃለች። "ታዲያ ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን ያገኘነው የሰፈራችንን ሰው ነው በያ" አለችኝ። ቅዱስ ባስልዮስም የዚሁ አገር ሰው ነው፤ ጳጳስ የነበረባት ቂሣርያ የዛሬዋ ካይሰሪ ናት። በስሙ የሚጠራውን ቅዳሴ አገር ቤት ስንት ጊዜ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። መነኮሳቱ የሚበሉበት ከድንጋይ የተፈለፈለ ረጅም ማዕድና መቀመጫ አሁንም አለ። እዚያ ጫፍ ላይ ሆኜ ከወራት በኋላ መጀመሪያ ጊዜ እዚህ አገር ለምን እንደመጣሁ ተሰማኝ።

ለጎብኚ ሁለት ነገር ልጨምር። ቤተ ክርስቲያናቱ ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፣ አትከራከሩ። ሁለተኛ፣ ቶካል የሚባለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ከበሩ ውጭ፣ ወደ ከተማው በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። በዚያው ቲኬት ይገባል። ብዙ ሰው ጨረስኩ ብሎ አልፎት ይሄዳል፤ እኛ የገባነው ጥበቃው ስለነገረን ነው። የሰማያዊው ቀለም ውበት በቃል አይነገርም። "ጨለማው ቤተ ክርስቲያን" የሚሉት ግን ተጨማሪ ክፍያ አለው። ብርሃን ስላልገባበት ሥዕሉ ከሁሉም በላይ ደህና ሆኖ ተርፏል፤ ገንዘብ ካላችሁ ይገባዋል።

የማደሪያው ጣጣ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጎሬሜ ውድ ስለሆነ ማደሪያ የያዝነው ኦርታሂሳር ነበር። ኦርታሂሳር በሁለቱ ከተሞች፣ በጎሬሜና በኡርጉፕ መካከል ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ መሃሏ ላይ በቀዳዳ የተሞላ ግዙፍ ድንጋይ እንደ ግንብ ቆሟል። በዶልሙሽ፣ ማለት በሚኒባስ ታክሲ፣ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። የእንግዳ ማረፊያው ሰውዬ ስማችንን ሰማ፣ ፊታችንን አየ፣ "እንዲህ የሚባል ቦታ ማስያዝ የለኝም" አለ። በስልኬ የመጣልኝን ማረጋገጫ አሳየሁት። ከዚያ ክፍል አለ አለ፣ ግን ከተስማማንበት እጥፍ ዋጋ። ያን ያህል ገንዘብ አልነበረንም። በሩን ዘጋ።

እዚህ ላይ የማልረሳው ነገር አለ። ጓደኛዬ አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። "መጀመሪያ ማፍጠሪያዬን እንግዛ፣ ከጠገብን በኋላ እናስባለን" አለች። ማደሪያ ስትይዙ የምመክራችሁ ይህ ነው፦ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ደውላችሁ በድምፅ አረጋግጡ፣ የሌላ ማረፊያ አድራሻም ያዙ። ነገሩ ሲበላሽ ደግሞ በድካምና በረሃብ ላይ ሆናችሁ አትወስኑ። በረመዳን ይህ እጥፍ ነው። ኢፍጣር ሲቃረብ ዶልሙሹም ታክሲውም ይጠፋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ሹፌሩም ጾመኛ ነው።

ዳቦ ቤቱ በር ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። በረመዳን ብቻ የሚጋገር ክብ ዳቦ አለ፣ ፒዴ ይሉታል፤ ላዩ ላይ ሰሊጥና ጥቁር አዝሙድ ይነሰነሳል። ያ የጥቁር አዝሙድ ሽታ እናቴ ድፎ ስትደፋ የሚሸተኝ ነው። ከፊታችን የቆሙ ሻሽ ያሰሩ ሴትዮ ዞር ብለው "ልጆቼ፣ ከየት ናችሁ?" አሉን።

"ከኢትዮጵያ።"

አልገባቸውም። ከኋላችን አንድ ሽማግሌ "ሀበሺስታን ናቸው! የቢላል አገር!" ብለው ጮኹ። ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየን። ሴትዮዋ የጓደኛዬን ጉንጭ ዳሰስ አደረጉና "ኢፍጣር የት ነው የምትበሉት?" አሉ። ጓደኛዬ በተሰባበረ ቱርክኛ፣ ዳቦ ገዝተን የሆነ ቦታ ተቀምጠን እንበላለን አለቻቸው።

"እኔ እያለሁ መንገድ ላይ? አይሆንም። ቤቴ እዚችው ናት።"

ዳቦ ጋጋሪው ሁለት ፒዴ ጨምሮ ሰጣቸውና ሳንቲም አልቀበልም አለ።

እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። ሁለት ሴት ልጆች ነን፣ የማናውቀው አገር ነው፣ ሊመሽ ነው። ስለዚህ ያደረግነውን በዝርዝር ልንገራችሁ፣ በተለይ ሴቶች እህቶቼ ይህን አስቡበት። መጀመሪያ ዳቦ ጋጋሪውም ሰልፉ ላይ ያሉትም ሴትዮዋን በደንብ እንደሚያውቋቸው አየን። በስማቸው ይጠሯቸዋል፣ ስለ ልጃቸው ይጠይቋቸዋል። ቤት ማን እንዳለ ጠየቅን፤ ባለቤታቸው፣ ሴት ልጃቸውና የልጅ ልጆቻቸው ነበሩ። በር ላይ ስንደርስ ያለንበትን ቦታ በዋትሳፕ ለዶርም ልጆች ላክን፣ የበሩንም ፎቶ ጨመርን። ከጓደኛዬ ጋር ደግሞ ደስ ያላላት "ራሴን አሞኛል" እንድትል ተስማማን፤ ያን ጊዜ ምክንያት ሳንጠይቅ ተያይዘን እንወጣለን። አማርኛ የሚሰማን ስለሌለ መነጋገር ቀላል ነበር። ወንድ ብቻ ያለበት ቤት ወይም መኪና ቢሆን አንገባም ነበር። ሰው ደግ ነው፤ ቢሆንም መጠንቀቅ ደግነቱን መናቅ አይደለም።

ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ነጠላ ጫማ ይሰጣችኋል። ወለሉ ላይ ጨርቅ ተነጥፎ ዝቅ ያለ ክብ ገበታ ቀረበ፣ እንደ መሶብ ዙሪያውን ተቀመጥን። የጨርቁን ጫፍ ጉልበታችን ላይ አለበሱን። ከዚያ ሁሉም ዝም አለ። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ተምሩን በእጃቸው ይዘው አዛን ይጠብቃሉ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል አዛኑ ተሰማ። ጓደኛዬ ተምሩን ስትነክስ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከቤት ከወጣች ጀምሮ ከቤተሰብ ጋር አፍጥራ አታውቅም።

ለእኔ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነበር። ምግቡ ሲደረደር ሥጋ፣ እርጎ፣ ቅቤ የገባበት ሩዝ ነው። ለጣፋጭ ጉላች ተዘጋጅቷል፣ እሱም በወተት ነው። ለኦርቶዶክስ ተማሪዎች ይህ የታወቀ ችግር ነው። ጾሜን እንዳልተው፣ ሰዎቹን እንዳላስቀይም አልኩና ለልጅቷ ቀስ ብዬ ነገርኳት፦ "እኔም ጾመኛ ነኝ። በእኛ ጾም ኤት፣ ሱት፣ ዩሙርታ ዮክ።" ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የለም ማለት ነው፤ ይህቺን አረፍተ ነገር ሸምድዷት። ሴትዮዋ፣ ቴይዜ (አክስቴ እንደማለት) እንላቸው ነበር፣ ይህን ሲሰሙ አልተቀየሙም፣ ይልቁን ደነገጡ። "ልጄ ጾመኛ ሆና ምን አቀረብኩላት!" ብለው ተነሱ። በወይራ ዘይት የተሠራ የወይን ቅጠል ጥቅልል መጣ፣ ወይራ መጣ፣ የድንች ሰላጣ መጣ። ከወይን የሚሠራ ፔክሜዝ የሚባል ጥቁር ሽሮፕ ከላመ ሰሊጥ ጋር በጥብጠው ከትኩስ ፒዴ ጋር ሰጡኝ። ያን የመሰለ የጾም ምግብ ከአገሬ ከወጣሁ አልበላሁም ነበር። ምግብ ቤት ስትገቡም "ዘይቲንያል" የሚል ከዝርዝሩ ላይ ፈልጉ፤ በወይራ ዘይት የተሠራ አትክልት ነው። የምስር ሾርባ ግን ጠይቁ፣ አንዳንዱ በአጥንት መረቅ ይሠራል።

የቴይዜ ባለቤት፣ አምጃ (አጎቴ እንደማለት) እንላቸው ነበር፣ ዝም ያሉ ሰው ናቸው። ሻይ ሲመጣ ግን ወሬ ጀመሩ። ነጃሺን ያውቃሉ። መካ ላይ የተሳደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ወደ ሀበሻ ንጉሥ ተሰደው ንጉሡ አሳልፌ አልሰጥም እንዳለ በልጅነታቸው መስጊድ ተምረዋል። "ያኔ የእኛ ሰዎች የእናንተ እንግዳ ነበሩ። እናንተ ዛሬ ሆቴል ልትፈልጉ ነው?" አሉን። እኔ ክርስቲያን እንደሆንኩ ሲሰሙ "ንጉሡም ክርስቲያን ነበር" አሉ። ከዚያ ቴይዜን "አልጋ አንጥፊላቸው" ብለው ነገሩ አለቀ።

የተኛነው ምድጃ ባለበት ክፍል፣ በሱፍ ብርድ ልብስ ነው። መጋቢት ቢሆንም ያ አገር ከባሕር ጠለል ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል። ወፍራም ልብስ ሳትይዙ እንዳትሄዱ። ሌሊት ላይ ከበሮ ቀሰቀሰኝ። በየሰፈሩ እየዞረ ለሱሑር የሚቀሰቅስ ከበሮ መቺ አለ። ጓደኛዬ ከእነሱ ጋር በላች፣ እኔም ተነስቼ ሻይ ጠጣሁ፣ ልክ እንደ ዶርማችን።

ጎህ ሲቀድ ልጅቷ ጣሪያ ላይ አወጣችን። ፊኛዎቹ በሩቅ አንድ በአንድ እየተነሱ ነበር። ስለ ፊኛ በረራ ብዙ ተማሪ ይጠይቀኛል። ዋጋው ለተማሪ አይቀመስም፣ ንፋስ ካለ ደግሞ ባለሥልጣኑ ይሰርዘዋል። ጉዟችሁን በእሱ ላይ አትንጠልጥሉት። ከጣሪያ ወይም ከኮረብታ ላይ በነጻ ይታያል፣ እኔ ምንም አልጎደለብኝም።

ከዚያ አምጃ የሥራ ቦታቸውን ሊያሳዩን ወሰዱን። በየትኛውም የጉብኝት ዝርዝር ላይ አላየሁትም ነበር። ኦርታሂሳር ዙሪያ ያለው ድንጋይ በዋሻ መጋዘን የተሞላ ነው፤ ከሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ ከእነ መርሲን የሚመጣ ሎሚ ወራት ሙሉ እዚያ ይቀመጣል። ዋሻው በበጋም በክረምትም ቅዝቃዜው ስለማይለዋወጥ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም። ከባዱ በር ሲከፈት የሎሚው ሽታ ከጨለማው ውስጥ ወጥቶ ተቀበለን። ሣጥን በሣጥን ላይ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ጠዋት መነኮሳት የጸለዩበትን ድንጋይ አይቶ የሄደ ቱሪስት፣ ያው ድንጋይ ዛሬም እንጀራ እንደሚያበላ አያውቅም። እሁድ ሥራ የነበራቸው ሠራተኞች ነበሩ። "ኮላይ ጌልሲን" አልናቸው፤ ሥራ ላይ ላለ ሰው የሚባል ሰላምታ ነው፣ እንደ እኛ "በርቱ"። ይህችን ቃል ካወቃችሁ በገበያም በመንገድም ፊቱ የማይፈታ ሰው የለም።

የቀረውን ቀን ከልጅቷ ጋር ቀዩን ሸለቆ በእግር ተጓዝን። ጭቃው ጫማ ይውጣል፣ ግን ድንጋዩ ከሰዓት በኋላ ጸሐይ ሲያርፍበት የሚሆነው ቀለም አለ። ስንመለስ ቴይዜ ለመንገድ የሚሆን ምግብ ቋጥረውልን ነበር፤ የጓደኛዬ ለብቻ፣ የእኔ የጾሙ ለብቻ።

ሁሉ ነገር እንደዚህ ጣፋጭ ነው አልላችሁም። በመንገድ ላይ አፍጥጦ የሚያያችሁ፣ ሳያስፈቅድ ፎቶ የሚያነሳችሁ፣ ፀጉራችሁን ልንካ የሚል ይኖራል። ያ ማረፊያ በር ላይ የዘጋብን ሰውም የዚያው ከተማ ሰው ነው። ፎቶውን ካልፈለጋችሁ ፈገግ ብላችሁ "አይሆንም" በሉ፣ ይገባቸዋል። ግን በአንድ ሰው ምክንያት በራችሁን አትዝጉ። እኔ ጥር ላይ ዘግቼው ነበርና አውቀዋለሁ፣ ውስጡ ይበርዳል።

እንግድነት ላይ የተማርኩትን ልጨምር። እኛ ቤት "ኧረ በልቻለሁ" ማለት ጨዋነት ነው። እነሱም ደጋግመው ይለምናሉ፣ ግን የማትበሉትን ነገር በግልጽ ከነምክንያቱ ንገሩ እንጂ እየተግደረደራችሁ አታስጨንቋቸው። ሻይ ሲበቃችሁ ማንኪያዋን ብርጭቆው አፍ ላይ አግድሙ፤ ካላደረጋችሁ ሲቀዳላችሁ ያድራል። ሲነሳ ሳህን አንሱ፣ ቴይዜ "ተይ" ቢሏችሁም አንሱ። ምግቡን ላዘጋጀችው "ኤሊኒዜ ሳልክ" በሉ፣ እጃችሁ ይባረክ እንደማለት ነው። ገንዘብ ግን ፈጽሞ እንዳትሰጡ። ጓደኛዬ ትራስ ሥር ልታስቀምጥ ነበር፣ ከለከልኳት። ያን ቢያገኙ ቤታቸውን ሆቴል ያደረግንባቸው ነበር የሚመስላቸው። ለሕፃናቱ ከሱቅ ጣፋጭ ገዛን፣ ለቴይዜ ጓደኛዬ አንገቷ ላይ የነበረውን የአገር ቤት ሻሽ ሰጠቻቸው።

ከተመለስን በኋላ ነገሩ አላለቀም። በዒድ ዕለት ደወልንላቸው። ሚያዝያ 27፣ የፋሲካ ጠዋት ደግሞ የእኔ ስልክ ጠራ። ቴይዜ ናቸው። ጾሜ መቼ እንደሚፈታ ጠይቀውኝ ነበር፣ ልጃቸው ስልኳ ላይ መዝግባዋለች። "ዛሬ እንቁላሉም ወተቱም ተፈቀደልሽ?" አሉኝ። አዎ ስላቸው "እንግዲያውስ ነይና ጉላቹን ብዪ" አሉ።

ሄድን። በዚያን ጊዜ ባዶ እጃችንን አልነበረም። ከአገር ቤት የተላከልኝን ቡና ይዘን ነበር፣ ቴይዜም በራሳቸው ጀበና መሰል ድስት አፍልተው ለጎረቤት ሁሉ አቀመሱ። አሁን በስልክ ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁት ጤናዬን ነው፣ ቀጥሎ ቡናውን። ስለዚህ ከአገር ስትመጡ ሻንጣችሁ ውስጥ ቡና ጨምሩ። ጥሬውን አትያዙ፣ እዚህ ብዙ ቤት የቡና መቁያ የለም። ተቆልቶ በደንብ የላመ ይሁን፤ የእነሱ ቡና እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው።